ሠላሳ ሁለት መነኩሲት በአንድ ልክ

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ካውያ» ይላታል። ልብስ መተኮስ ሥራዋ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ቶሎ ስለምትግል ነው የሚሉም አሉ። እኔ «እትዬ» እላታለሁ። የምትበልጠኝ በሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ እሷ ግን ሠላሳ ዓመት እንደምትበልጠኝ ሆና ነው የምትኖረው።

የመተኮሻ ክፍሏ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ልብስ የሚሰቀልበት አንድ ረጅም ብረት፣ ከእንፋሎቱ የተነሣ ሁልጊዜ የሚያልበው መስኮት። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የወለቀ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተተረተረ ጠርዝ እሰፋለሁ። ብዙ አልናገርም፤ እሷ ለሁለታችንም ትናገራለች።

እህቴ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በልብሱ ነው የምታውቀው። አንድ ጊዜ የአንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ኮትና ሱሪ መጣ። የሱሪው መቀመጫ ሳስቶ ወንፊት ሆኗል፣ የኮቱ እጅጌ ግን ገና ከሱቅ እንደወጣ ነው። «ይሄ ሰውዬ ለሥራው ሳይሆን ለወንበሩ ነው የተቀጠረው» አለችና ተኩሳ ሰቀለችው። በኋላ ሰውየውን ሳየው እውነቷን ነበር፤ ለመቆም ራሱ ሁለት ጊዜ አሰበ።

ይህን ዕውቀት ያገኘችው ከገዳም ነው። እናታችን ስትሞት እኔን አክስታችን ወሰደችኝ። ዘጠኝ ዓመት የሆናትን እህቴን ግን «ይቺስ አፏ አያኖራትም» ብላ ለሴቶች ገዳም ሰጠቻት። ገዳሙም አፏን ሳይፈራ አልቀረም፤ ከጸሎት ቤቱ በጣም ርቆ ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ላካት። እዚያ እማሆይ ሳሙና ነበሩ።

እማሆይ ሳሙና ሌላም ስም ነበራቸው፤ በዚያ የሚጠራቸው ግን አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ከሌሎቹ መነኮሳት ሁሉ ይልቅ የጠቆሩ፣ ሰማንያ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ፣ ግራ እግራቸውን የሚጎትቱ ሴት ነበሩ። ቋንቋውን ያወቁት አድገው ስለሆነ ንግግራቸው በሌላ ዜማ ነበር የሚወጣው። ከማጠቢያው እስከ ማስጫው ሃያ ሁለት ደረጃ አለ። የረጠበውን ልብስ ተሸክመው ሲወጡ በየደረጃው አንድ ስድብ ይሰድባሉ፤ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ለሁሉም በአንድ ላይ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እህቴ ደረጃ መቁጠር የተማረችው በስድብ ነው።

ከእሳቸው ጋር የመነኮሳቱን ኪስ መፈተሽ ሥራዋ ነበር፤ ወረቀትና መሐረብ በውሃ እንዳይበላሽ። ከእመ ምኔቷ ኪስ ከረሜላ ይወጣል፣ ያውም በጾም ቀን። ከመዘምራኑ መሪ ኪስ ጥጥ ይወጣል፤ ለካ ጆሯቸውን የሚደፍኑበት ነው፤ የራሳቸው መዘምራን ሲዘምሩ። አንዲት ወጣት መነኩሲት ደግሞ ከጋዜጣ የተቆረጠ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ነበራት፤ እማሆይ ሳሙና በየሳምንቱ አውጥተው፣ ልብሱን አጥበው፣ ፎቶውን ቦታው መልሰው ይከቱት ነበር። «የሷ መልአክ ነው፣ አትንኪው» ይሉ ነበር አሉ።

እህቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ተስቦ ገባ። ከተማው ውስጥ ቤቶች ሙሉ በሙሉ ባዶ ቀሩ። በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል መሆኑን እማሆይ ሳሙና ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ በገዳሙ ያለውን ጨርቅ ሁሉ እቀቅላለሁ አሉ። እመ ምኔቷ ከለከሉ፤ ቀሚሶቹ ሱፍ ናቸው፣ ይኮማተራሉ። ያኔ እማሆይ ሳሙና በሁሉም ፊት እንዲህ አሉ፤ «ቀሚሱ ቢያጥር የሚታየው ቁርጭምጭሚት ነው። ካልተቀቀለ ግን የሚታየው ሬሳ ነው። እናንተ ጸልዩ፣ እኔ ልቀቅል።»

ቀቀሉም። ሠላሳ አንዱ መነኮሳት ያን ቀን የምግብ አዳራሹን መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልለው ዋሉ። ቀሚሶቹ ከገመድ ሲወርዱ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብለው ቀሩ። አዲስ ልብስ እስኪመጣ ሁለት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ቅዱስ ቁርጭምጭሚት ለፀሐይ ወጥቶ ታየ። ከገዳሙ የሞተችው አንዲት ብቻ ናት።

እማሆይ ሳሙና ግን አንድም ፎቶ የላቸውም። ገዳሙን በሙሉ ፎቶ ሊያነሣ ሰው የመጣው ሰኞ ቀን ነበር። «ሰኞ የልብስ ቀን ነው» ብለው ከማጠቢያው አልወጡም። የሞቱት ከተስቦው ሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ እህቴ ያኔ ገዳሙን ለቃ የራሷን ክፍል ከፍታ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ካውያዋን አቁማ «ፊታቸው እየጠፋብኝ ነው» ትላለች። ስድቡን ግን አንዱንም አልረሳችም።

ባለፈው ዓመት አንድ ፊልም ሠሪ ቡድን መጣ። የተስቦውን ዘመን የገዳም ሕይወት፣ በዚያው በአሮጌው ገዳም ውስጥ ሊቀርጽ ነው። «ታሪካዊ ፊልም ነው» ሲሉን እህቴ ተቆጣች። «እኔ የኖርኩበት ዘመን ታሪካዊ ሆነ? እኔስ ምን ልሆን ነው፣ ቅርስ?» አለች።

የተዋናዮቹን ልብስ እንድትተኩስ አንዲት ፈጣን ወጣት ሴት አመጣችልን። ልብስ ማቅረብና ከኋላ የሚቆሙ ሰዎችን መምረጥ ሥራዋ ነው። አንድ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ከእጇ አይለይም፤ ስለዚህ በመካከላችን «ባለ ዝርዝሯ» አልናት። ሠላሳ ሁለቱን ቀሚስ ብረቱ ላይ ሰቀለች። እህቴ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ካውያዋን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ የሌሎቹስ ልብስ የት አለ?»

«የየትኞቹ እማማ?»

«የወፍራሞቹ። የአጫጭሮቹ። የጎበጡት።»

«ሁሉም አንድ ልክ ነው፣ መካከለኛ። መነኮሳት ስለሆኑ እኩል እንዲመስሉ ብለን ነው ያሰፋነው።»

«ታዲያ ተዋናዮቹ?»

«ልብሱ ቀድሞ ስለደረሰ… ልብሱ የሚሆናቸውን መረጥን።»

እህቴ ቀሚሶቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። «እኔ ባጠብኩበት ገዳም የአንዷ ቀሚስ ለሌላዋ ድንኳን ይሆን ነበር። ይሄ ገዳም ነው ወይስ የማንኪያ ፋብሪካ?»

ባለ ዝርዝሯ ቅር አላት። «ብዝኃነት እኮ አለን» ብላ ወረቀቷን አወጣች። በወረቀቱ ላይ ሣጥኖች አሉ፤ ዕድሜ፣ መልክ፣ የመጡበት አገር፣ አካል ጉዳት። ከሠላሳ ሁለቱ ውስጥ አምስቱ ከሣጥን የተገኙ ናቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቆማሉ። አይናገሩም። ሁለት ሣጥን ገና ባዶ ነው።

ቀና ብላ እህቴን አየቻት። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስልሳ ሰባት።»

«ሲራመዱ አየሁዎት፤ ያነክሳሉ?»

«ጉልበቴ ነው፤ ከመቆም።»

ባለ ዝርዝሯ ሁለት ጊዜ ምልክት አደረገች። «በአንድ ሰው ሁለት!» አለች፤ ደስታዋ የእውነት ነበር።

እህቴ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ «እሺ» አለች። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ማታ ልብስ ስናጣጥፍ ነገረችኝ። «ፊልሙ ውስጥ እማሆይ ሳሙናን ሆና የምትሠራውን ማየት እፈልጋለሁ። ፎቶ የላቸውም። እዚያ ውስጥ ከሌሉ የትም የሉም።»

በቀጠሮው ቀን አብረን ሄድን፤ እኔ ቁልፍ ቢበጠስ ብለው ቀጥረውኝ ነው። የቀድሞው ልብስ ማጠቢያ ታድሶ፣ ግድግዳው በቀለም እንደ አዲስ አርጅቶ ቆየን። በርሜሎቹ ተደርድረዋል። ዳይሬክተሩ ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፣ ሙቀቱ እንደዚያ ሆኖ። እህቴ በመካከለኛ ቀሚሷ ፊቱ ቆመች።

«ልጄ፣ እማሆይ ሳሙናን የምትሠራት የትኛዋ ናት?»

«ማን?»

ነገረችው፤ ከነተስቦው፣ ከነቁርጭምጭሚቱ። እሱም በትሕትና አዳመጠና የፊልሙን ታሪክ ነገራት። አንዲት ቆንጆ ወጣት ጀማሪ መነኩሲት አለች። በሕልሟ መልአክ መጥቶ የፈላ ውሃ ያሳያታል። ስትነቃ ልብሱን ሁሉ ትቀቅላለች፣ ገዳሙ ይድናል።

«መልአክ?» አለች እህቴ። «መልአኩ ሰማንያ አምስት ኪሎ ነበር እኮ! ይህን ታሪክ ማን ነገረህ?»

«የገዳሙ መዝገብ ላይ "በመለኮታዊ ምሪት ልብሱ ተቀቀለ" ይላል።»

«መዝገቡን ማን ጻፈው?»

«እመ ምኔቷ።»

«ከልካይዋ ራሳቸው! ልጄ፣ እኔ የሳቸውን ኪስ አውቃለሁ፤ መዝገባቸውን አትመን።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። ታሪኩ ተጽፏል፣ ተዋናይዋ ተመርጣለች፣ አሁን አይሆንም አለ። እህቴን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቆሟት። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ግማሽ ቀን ቆመች። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እህቴን እንደዚያ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

ምሳ ላይ ድንኳኑ ሥር ሾርባ ልንቀበል ተሰለፍን። ሾርባውን የምትሠራው ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ጠቆር ያለች፣ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። እሷም ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ ንግግሯ ያስታውቃል። ጉልበቶቿ አብጠው ከድስት ድስት ስትሄድ ትወዛወዛለች። ዳይሬክተሩ ምሳውን አንድ ሰዓት ስላዘገየ በጭልፋዋ እያመለከተች ሰደበችው፤ እሱን፣ ካሜራውን፣ ሻርፑን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። ከዚያ ሾርባውን አብዝታ ቀዳችለትና «ይቅር በለኝ፣ ብላ» አለችው።

የእህቴ ሳህን እጇ ላይ ዘመመ። ሾርባው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ አላየችውም።

ከምሳ በኋላ ልብሱ የሚቀቀልበት ትዕይንት ተጀመረ። በርሜሎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈሉ ነበር። ዋናዋ ተዋናይ ጥሩ ልጅ ናት፣ ሰላምታዋ የማይቋረጥ፤ ግን ውሃ የጠጣ አንሶላ አንሥታ አታውቅም። በመጀመሪያው አንሶላው ራሷን ይዞ ወደ በርሜሉ ሊያስገባት ነበር። በሁለተኛው እንደ መሐረብ በጣቷ ጫፍ ጨመቀችው። በአምስተኛው ቁጭ ብላ ክንዷን ማሸት ጀመረች። ፀሐይዋ ከማስጫው ግድግዳ በላይ ጥቂት ነው የቀራት፤ ግቢውን የተከራዩት ደግሞ እስከዚያ ቀን ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ወደ ሦስተኛው ረድፍ መጣ። «እማማ፣ እርስዎ ይችሉበታል። እጅዎን ብቻ በቅርብ እንቅረጸው፤ ከዚያ የእሷን ፊት እናስከትላለን። ሰው አይለየውም።»

እህቴ እጇን ዘርግታ አየችው። ጣቶቿ ከእንፋሎትና ከብዙ ሥራ ተጣመዋል። «የስልሳ ሰባት ዓመት እጅ በሃያ ዓመት ፊት? ሰዉ "ልጅቷን ምን አድርገው ነው እንዲህ በግማሽ ያስረጇት" ይላል። እጄን ያለ ባለቤቱ አላውስም።»

«እንግዲያው» አለ፣ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አይቶ፣ «እሺ። አጣቢዋን እናስገባት። እርስዎ ራስዎ ይሥሯት፤ ያን ያሉኝንም ንግግር ይናገሩት።»

አንገቷ ሲቀላ አየሁ። እህቴን አውቃታለሁ፤ ፈልጋው ነበር። ቀሚሷን ዝቅ ብላ አየችው። መካከለኛው ልክ እሷ ላይ መጥረጊያ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው።

«እኔ እሳቸውን አልሆንም» አለች። «አልሞላም። ያቺ ናት የምትሆነው።» ጣቷን ወደ ሾርባው ድንኳን ቀሰረች።

ዳይሬክተሩ ደነገጠ። «አብሳይዋ? እሷ እኮ ተዋናይ አይደለችም። ንግግሯ ደግሞ… ለተመልካች ላይገባው ይችላል።»

«ቅድም የሰደበችህ ገብቶሃል?»

«…ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ይገባል።»

ባለ ዝርዝሯ እየሮጠች መጣች፤ ወረቀቷ ከእሷ ቀድሟል። «ዕድሜ፣ መልክ፣ የመጣችበት አገር፣ ጉልበቷም አለ! አራት! አራት በአንድ ሰው!»

«ልጄ» አለቻት እህቴ፣ ለስለስ ብላ፣ «ሣጥኑን ትንሽ ዝጊው። ሰው ነው የምንጠራው።»

አብሳይዋ ነገሩን ስትሰማ ጭልፋዋ ወደቀ። «እኔ? መነኩሲት? እትዬ፣ አብደሻል እንዴ! እኔ እኮ ሦስት ባል የፈታሁ ሴት ነኝ!»

«ሦስቱንም ትተሻል አይደል? ከዚህ በላይ ምን መመንኮስ አለ?»

«የፊልም ሰው መሆኔን ልጆቼ ቢሰሙ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። አንሶላ መጭመቅ ታውቂያለሽ?»

አብሳይዋ ተናደደች፤ እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው። «አምስት ልጅ አሳድጌ ነው አንሶላ የማላውቀው?» አለችና ሽርጧን ፈታች።

አሁን የቀረው ልብሱ ነው። መካከለኛው ከትከሻዋ አልወርድም አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም፣ መርፌዬ እንኳ አፈረች። ሁለት ቆነጃጅት ያወለቁትን ቀሚስ በጎን በጎናቸው ተረተርኩና አንድ ላይ ገጠምኳቸው፣ በረጃጅም ስፌት፣ ከውስጥ በማይታይ በኩል። ከሁለት ቆንጆ አንድ ሰው ወጣ። እህቴ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክካ የግራውን ጠርዝ ብቻ በድንጋይ ትፈገፍገው ጀመር። ባለ ዝርዝሯ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የሚያልቀው፤ እኔ ነበርኩ የምጠግነው።»

ቆቡን አደረጉላት። እህቴ ንግግሩን ሦስት ጊዜ አስጠናቻት። ዋናዋ ተዋናይ ክንዷን እያሸች መጣችና «እባካችሁ እኔ ሌላውን ጫፍ ልያዝላት» አለች፤ ለካ እርጥብ አንሶላ በሁለት ሰው ነው የሚጨመቀው፣ አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ። አብሳይዋ አንዴ ስትጠመዝዘው ልጅቷ አብራ ልትዞር ነበር። ውሃው እንደ ዝናብ ወረደ። እመ ምኔት ሆና የምትሠራው ሴት «ሱፉ ይኮማተራል» አለች። አብሳይዋ ቀና ብላ፣ በዚያ በሌላ ዜማ በሚወጣ ንግግሯ፣ ስለ ቁርጭምጭሚቱና ስለ ሬሳው ተናገረች። «እናንተ ጸልዩ፣ እኔ ልቀቅል» ካለች በኋላ ማንም ያላስጠናትን አንድ ስድብ ጨመረች።

ዳይሬክተሩ እህቴን ዞሮ አያት።

«እሱንም ይሉት ነበር» አለች።

ፀሐይዋ ግድግዳውን አልፋ ጠፋች። ዳይሬክተሩ ሻርፑን ፈትቶ ፊቱን ጠረገበት። «ይህን አስገባዋለሁ» አላት። «መልአኩን ግን አላወጣውም እማማ።»

«ይቆይ» አለች እህቴ። «ውሃ ይቅዳ።»

ፊልሙ ከስምንት ወር በኋላ ታየ። ሦስታችንም ተጋብዘን ከኋላ በኩል ተቀመጥን። አብሳይዋ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች፤ እህቴ ናት የተኮሰችላት። ፊልሙ ረጅም ነው። መነኮሳቱ ሲገቡ፣ ሲወጡ፣ ሻማ ሲያበሩ፣ ሁሉም መካከለኛ። ሦስተኛውን ረድፍ ለማየት አንገቴን ሳረዝም አለፈ። መልአኩ መጣ፤ ፀጉሩ በጣም የተበጠረ ነው። እህቴ ደጋግማ አዛጋች፣ ስለ አንዱ አንሶላ አተኳኮስም አጉረመረመች፤ ከፊታችን ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሮ ገላመጠን።

ከዚያ ማጠቢያው መጣ። በእንፋሎቱ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ያ ሰፊ ጀርባ ነው፣ ቀጥሎ የሚጎተተው የግራ ጠርዝ፣ ቀጥሎ ፊቱ፣ መላውን ግድግዳ ሞልቶ። አዳራሹ በንግግሩ ሳቀ፤ በስድቡማ አጨበጨበ።

አብሳይዋ በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፍና በጣቶቿ መካከል ታያለች። «ወይኔ ጉዴ! እትዬ፣ ይህች ዝሆን ማናት? ምን ጉድ አደረግሽኝ? ልጆቼ ከዚህ በኋላ ያኖሩኛል? ትሰሚያለሽ ወይ?»

«ዝም በይ» አለቻት እህቴ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «እሳቸውን እያየሁ ነው።»